የጢስ ዓባይ ፏፏቴና የእኛ መብራት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)





በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወክለን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የምንናገረውም በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፥ በጥር ወር መጨረሻ፥ ስላደረግነው የሁለት ቀን ጉብኝት ነው። ጉብኝቱ ከሩቅ አገር የተደረገ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀን በዚሁ በከተማችን በባሕር ዳር፥ ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ስፍራ፥ ሁለተኛውን ቀን ደግሞ ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አሳለፍነው።

ምናልባት «ጢስ ዓባይንማ የማያውቅ ማን አለ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ስሙን የማያውቅ የለም። ሥዕሉ በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ላይ ታትሞ ስለ ነበር፥ ወላጆቻችን ቦታውን በዓይናቸው ባያዩት እንኳ በኪሳቸው ይዘውት ኖረዋል። ነገር ግን ስሙንና ሥዕሉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ውኃው ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ማንስ እንደሚያዝበት ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ልንነግራችሁ የምንፈልገው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ወራቱ አንድ ነገር እንበል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ጥር የክረምት ወር ነው፤ በረዶ ይጥላል፥ ብርዱም ይበረታል። ስለዚህ ከዚያ የሚመጡ እንግዶች የክረምት ዕረፍታቸውን በሞቃት አገር ለማሳለፍ ሲሹ በዚህ ወር ወደ እኛ ይመጣሉ። ለእኛ ግን ጥር የበጋ እኩሌታ ነው። ሰማዩ የጠራ፥ መንገዱ የደረቀ፥ እህሉ ተወቅቶ ወደ ጎተራ የሚገባበት ወራት ነው። እኛ ክረምት ብለን የምንጠራው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናም ወራት ነው። ጣና በዝናሙ ሞልቶ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፥ እጅግ ዝቅ የሚለው ቀጣዩ ዝናም ሊጀምር ሲል ነው። ከዚህ የተነሣ ለመንገደኛ የሚመቸው በጋው ነው፤ ለፏፏቴ የሚመቸው ግን ክረምቱና የክረምቱ ማግሥት ነው።

ታዲያ እኛ ለምን በጥር ሄድን ብትሉ፥ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ዕረፍታችን የዋለው በዚያ ወር ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው ግን የጂኦግራፊ መምህራችን «ወንዝን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በሞላ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በጎደለም ጊዜ ሊያየው ይገባል» ስላሉን ነው። በዚህም መሠረት ሃያ ስድስት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሆነን በአራት ክፍል ተመደብን። አንዱ ክፍል ስለ ሐይቁ፥ ሁለተኛው ስለ ቦታው ታሪክ፥ ሦስተኛው ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል፥ አራተኛውም ስለ ነዋሪዎቹ ኑሮ መርምሮ እንዲጽፍ ታዘዘ። አሁን የምታደምጡት ከአራቱም ክፍሎች ማስታወሻ የተውጣጣ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ የሚባሉት ወንዞች አብዛኛውን ውኃውን ያመጡለታል። ስፋቱ ይህን ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። የሐይቁ ተማሪዎች እንዳስረዱን፥ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ፈልቶ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ በስተ ደቡብ በኩል ፈስሶ ሲረጋ የውኃውን መውጫ እንደ ግድግዳ ዘጋው። ዓባይ ዛሬ በጢስ ዓባይ የሚዘልለው ገደል የዚሁ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሐይቁና ፏፏቴው የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚህም ሌላ ያስገረመን ነገር አለ። ፏፏቴው ከታችኛው ወንዝ የሚመጣ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክል አጥር ነው። በዚህ ምክንያት በጣና ውስጥ ተለይተው የቀሩ፥ በሌላ በማናቸውም የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። በገበያ የምንገዛውን ዓሣ ስናይ ከዓለም ሁሉ ተለይቶ የእኛ ብቻ የሆነ ፍጥረት እንደምናይ ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

ቀጥለንም ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፥ ጨረጨራ ወደሚባለው ስፍራ ሄድን። በዚያ ወንዙን የሚቆጣጠር ዝቅተኛ ግድብ አለ። መጀመሪያ በ1996 ሁለት የብረት በሮች ተሠሩለት፤ በ2001 ደግሞ አምስት ተጨምረው በሮቹ ሰባት ሆኑ። እነዚህን በሮች ስናይ አንድ ነገር በግልጥ ገባን። ከጥንት ጀምሮ ዓባይ ከጣና ምን ያህል ውኃ ይዞ እንዲወጣ የሚወስኑት ዝናሙና ድንጋዩ ነበሩ፤ ከ1996 ወዲህ ግን የሚወስነው የሰው እጅ ነው። በሩ ከፍ ሲል ውኃው ይሄዳል፤ ዝቅ ሲል ይቆማል። ይህን ነገር አስቡልን፤ የሁለተኛው ቀን ጉዳይ ሁሉ ከዚህ ይነሣልና።

በማግሥቱ ስንቃችንን ይዘን፥ ድፎ ዳቦና የታሸገ ውኃ አስጭነን፥ በአውቶቡስ ወደ ጢስ ዓባይ ተነሣን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ፥ የጭድ ክምር፥ የባሕር ዛፍ ደንና በአውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች ይታዩ ነበር። ከትንሿ ከተማ ከጢስ ዓባይ ከወረድን በኋላ የቀረውን በእግራችን ተጓዝን።

ቁልቁል ወርደን መጀመሪያ የደረስነው ከፏፏቴው ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ ዓባይ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ከተሠራው አሮጌ ድልድይ ነው። ሰው «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል። እንዲሠራ ያዘዙት ግን ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው፤ ዓመቱም 1626 ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን የነበረው ማኑኤል ደ አልሜይዳ የሚባል ጸሐፊ እንደ መዘገበው፥ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአቅራቢያው በአላታ ወንዝ አጠገብ ተገኘ፤ ሥራውንም የመራው ከፓትርያርኩ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ አንድ የእጅ ባለሙያ ነበር። በአገራችን ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። ወደ 400 ዓመት የተጠጋው ይህ ድልድይ ዛሬም ሰውና ከብት ያሻግራል። በላዩ ስናልፍ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ፥ አንድ ልጅም አህያ ነድቶ ተሻገሩ። የሕንዱ ባለሙያ፥ የኢትዮጵያው ንጉሥ፥ የአላታ ኖራና የገበሬዎቹ ጉልበት አንድ ላይ ሆነው የሠሩት ነገር ይኸው ለልጅ ልጅ ተረፈ።

ከድልድዩ ማዶ ዳገቱን ወጥተን ከፏፏቴው ፊት ለፊት ደረስን። እስኪ አሁን ያየነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንንገራችሁ።

ጢስ ዓባይ በክረምት ማብቂያ ሲሞላ ወርዱ 400 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ቁመቱም ወደ 45 ሜትር ይደርሳል። ያን ጊዜ ተናው ወደ ሰማይ እየወጣ ከሩቅ ጢስ ስለሚመስል ስሙ ከዚያ ወጣ። ከመካከላችን በመስከረም ሄደው ያዩ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፤ ልብሳቸው ቁመው ሳለ እንደ ራሰ፥ እርስ በርስም ለመነጋገር መጮኽ እንደ ነበረባቸው በመንገድ ሲነግሩን ነበር። እኛ በጥር ቆመን ያየነው ግን ጥቁር የገደል ግድግዳ ነው። በግድግዳው ላይ በአንድ ወገን ሁለት ነጫጭ የውኃ ዘለላዎች ይወርዱ ነበር፤ በቀረው ስፍራ ሁሉ ድንጋዩ ደርቆ ሣር በቅሎበታል። ለመነጋገርም መጮኽ አላስፈለገንም። በእርግጥ የወረደው ጥቂት ውኃ ውብ ነበር፤ ፀሐይም ስታገኘው ትንሽ ቀስተ ደመና ታየች። ሆኖም ብዙ ሰዓት ማንም ሳይናገር ቆየ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ ያን ቀን ያየነው ራሱ የዓባይ ፏፏቴ ሲጠማ ነው።

በዚህ ጊዜ የታሪኩን ክፍል የያዙት ጓደኞቻችን አንድ የቆየ ክርክር አነሡ። በ1620ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ከፏፏቴው ኋላ፥ በውኃው መጋረጃና በድንጋዩ መካከል ገብቶ እንደ ተቀመጠ ጽፏል። በ1770 ፏፏቴውን ያየው የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ ግን ይህ ፈጽሞ የማይቻል ነው ብሎ ሎቦን በሐሰት ነቀፈው። በሁለቱ መካከል ለመፍረድ እኛ አንችልም። ነገር ግን ከክርክሩ አንድ ትምህርት አገኘን፤ ይኸውም ፏፏቴ እንደ ተራራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቆም ነገር አለመሆኑ ነው። በየወሩና በየዘመኑ መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ስለ ፏፏቴ የሚመሰክር ሁሉ «ምን አየህ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ አየህ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ዛሬ ግን ከወራቱ በላይ ሌላ ምክንያት አለ። በጥንት ዘመንም ቢሆን የጥር ውኃ ከመስከረሙ ያንስ ነበር፤ ሆኖም ገደሉ ይህን ያህል ደርቆ አይታይም ነበር። የጎደለው ውኃ ወዴት ሄደ? ይህን የመረመሩት የኤሌክትሪኩን ክፍል የያዙት ተማሪዎች ናቸው።

በፏፏቴው አጠገብ ሁለት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች አሉ። የመጀመሪያው በ1964 ሥራ የጀመረ ሲሆን ኃይሉ 11.4 ሜጋዋት ነው። ለባሕር ዳር ከተማና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መብራትና ኃይል የሰጠው እርሱ ነው። ሁለተኛው በ2001 የተጨመረው ሲሆን ኃይሉ 73 ሜጋዋት ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ከፏፏቴው በላይ ውኃውን በቦይ ጠልፈው፥ በገደሉ ላይ በመዝለል ፈንታ በቧንቧ ወርዶ ተርባይን እንዲያዞር በማድረግ ነው። የመጀመሪያው ማመንጫ የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለ ነበር ፏፏቴውን እምብዛም አልጎዳውም። ሁለተኛው ግን የበጋውን ውኃ አብዛኛውን ለመውሰድ የሚችል ሆነ።

ከዚያም በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ኃይሉ 460 ሜጋዋት ነው። ይህኛው ውኃውን የሚወስደው ከዓባይ ሳይሆን ከራሱ ከሐይቁ፥ ከምዕራቡ ዳርቻ ከኩንዝላ በኩል ነው። ውኃው ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፍ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ሸለቆ ይወርዳል። ይህ ከሆነ ወዲህ ብዙው የሐይቁ ውኃ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ በባሕር ዳሮቹ በሮች የሚወጣው እጅግ አነሰ።

ለምን እንዲህ ተደረገ ብለን ስንጠይቅ የፊዚክስ ትምህርታችን መልሱን ሰጠን። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በየሴኮንዱ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከ45 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፥ የሚባክነውን ሳንቀንስ፥ የሚሰጠው ኃይል 440 ኪሎዋት ገደማ ነው። በበለስ በኩል ግን ቁልቁለቱ ከ300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ያው አንድ ሜትር ኩብ ከ2,900 ኪሎዋት በላይ ይሰጣል። እንግዲህ አንዱ ባልዲ ውኃ በበለስ በኩል ሲወርድ በጢስ ዓባይ ከሚሠራው ከስድስት እጥፍ የበለጠ ይሠራል ማለት ነው። ይህን ስሌት ያየ ሰው መሐንዲሶቹን በቀላሉ ለመውቀስ አይችልም።

አሁን ደግሞ ስለ ነዋሪዎቹ እንናገር። ከፏፏቴው ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ቅል፥ ነጠላና የእጅ ሥራ የሚሸጡ ሴቶችና ልጆች አሉ። አሥር ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ያጌጠ ቅል ይዛ ተከተለችንና በሐሳብዋ ብዙ እንግዶች እንደሆንን ስታስብ ተደሰተች። ተማሪዎች መሆናችንን ስትሰማ ግን ዋጋውን ሳንጠይቃት በራስዋ ቀነሰችልን። ከፏፏቴው በላይ ወንዙን የሚያሻግሩን ጋሼ ጀልበኛውም፥ እንግዳ በብዛት የሚመጣው ውኃው በሞላ ጊዜ እንደ ሆነ፥ በበጋ የመጣ እንግዳ ግን ሒሳቡን ከፍሎ አዝኖ እንደሚመለስ፥ ሲመለስም ሌላውን እንዳይመጣ እንደሚመክር አጫወቱን።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው በዚያው ኮረብታ ላይ ያገኘናቸው የአንድ ሽማግሌ ቃል ነው። ከጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብለን እጅ ከነሣን በኋላ ስለ ፏፏቴው ጠየቅናቸው። እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ እኔ ሕፃን ሳለሁ እናቴ ማታ ማታ በውኃው ድምፅ ነበር የምታስተኛኝ። አሁን ሌሊት ነቅቼ ባዳምጥ ውሻ ሲጮኽ እሰማለሁ። ውኃው ለአገር ጥቅም ሄደ አሉን፤ ይሁን፥ አገር ይጠቀም። ነገር ግን ሽቦው በጣራችን ላይ ያልፋል እንጂ ወደ ቤታችን አይወርድም። ውኃውንም መብራቱንም ያጣ ሰው ምን ተረፈው?» ለዚህ ጥያቄ በቦታው መልስ የሰጠ አልነበረም።

ወደ ከተማ ከተመለስን በኋላ ማታውን በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተሰብስበን ክርክር አደረግን። ክርክሩም የትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ካደረጋቸው ሁሉ የሞቀ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። አንዱ ወገን እንዲህ አለ፤ ፏፏቴ የተፈጥሮ ቅርስ ነው፤ ከእኛ በፊት የነበረ፥ ለሚመጣውም ትውልድ የምናስረክበው ነው። የገንዘብ ኖት ያጌጠበትን ቦታ እንግዳ መጥቶ ደረቅ ድንጋይ ሲያይ አገር ታፍራለች።

ሌላው ወገን ዝም ብሎ ቆየና፥ ቤተሰቦችዋ በገጠር የሚኖሩ አንዲት ጓደኛችን ተነሥታ ተናገረች። «የእኛ መንደር መብራት የለም» አለች። «ታናሽ ወንድሜ የሚያጠናው በኩራዝ ነው፤ ጢሱ ዓይኑን ያቃጥለዋል። እናንተ የፏፏቴው ጢስ ስለ ጠፋ ታዝናላችሁ፤ እናቴ ግን ከምድጃ ጢስ የምትገላገልበትን ቀን ትጠብቃለች። ከሁለቱ ጢስ አንዱ ይጥፋ ቢባል የእኛ ቤቱ ቢጠፋ እመርጣለሁ።» ይህን ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛም የተቀመጥነው በኤሌክትሪክ መብራት ሥር እንደ ነበረ ያን ጊዜ ሁላችንም ቀና ብለን አየን።

ክቡራን ወላጆቻችንና መምህራን፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ ውሸተኛ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በቶሎ ባለቀ ነበር። አስቸጋሪ ያደረገው ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው። ሌሊቱ እስኪገፋ ተነጋግረን በመጨረሻ የተስማማንባቸውን ሦስት ነገሮች በትሕትና እናቀርብላችኋለን።

አንደኛው ይህ ነው። የፏፏቴው ውኃ ማነስ የዝናም ቁጣ ብቻ ሳይሆን የሰው ውሳኔ ነው። የሰው ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ሊታወቅና ሊመከርበት ይገባል። በየትኛው ወርና በየትኛው ቀን ምን ያህል ውኃ በገደሉ ላይ እንደሚለቀቅ ተጽፎ የመግቢያ ትኬት በሚቆረጥበት ቦታ ቢለጠፍ፥ እንግዳው የሚያየውን አውቆ ይመጣል፤ ጀልበኛውና ቅል ሻጯም ሥራቸውን አስቀድመው ያሰናዳሉ። ለዚህ ከአንድ ሰሌዳና ከመልካም ፈቃድ በቀር ወጪ የለውም።

ሁለተኛው፥ ፏፏቴው የራሱ ድርሻ ቢሰጠው ዋጋው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ይህንንም በስሌት አሳየን። ለምሳሌ ያህል በሳምንት አንድ ቀን ለስምንት ሰዓት፥ በየሴኮንዱ 20 ሜትር ኩብ ውኃ በገደሉ ላይ ቢለቀቅ፥ ይህ ውኃ በበለስ በኩል ቢሄድ ኖሮ ይሰጥ የነበረው ኃይል ከ470 ሜጋዋት ሰዓት አይበልጥም። ይህም የበለስ ማመንጫ በሙሉ ኃይሉ አንድ ሰዓት ያህል ከሚሠራው ጋር የተካከለ ነው። ፏፏቴው የመስከረሙን ልብስ ሁሉ ባይለብስም ራቁቱን ከመቆም ይድናል። በዚህ ላይ ደግሞ በጢስ ዓባይ የሚወርደው ውኃም፥ በበለስ የሚወርደውም፥ መጨረሻቸው አንድ ነው። የበለስ ወንዝ ዞሮ ከዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱም በ2025 ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይገባሉ። የግድቡ ኃይል 5,150 ሜጋዋት፥ ማለት የበለስን ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በፏፏቴው ላይ የዘለለ ውኃ ለእንግዳ ታይቶ ሲያበቃ መንገዱን ይቀጥላል፤ በታችም ሥራ ይጠብቀዋል። መብራት እጅግ ባነሰ ጊዜ «ውኃው ሁሉ ለመብራት ይሁን» መባሉ ተገቢ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን የመሰለ ግድብ ከተሠራ በኋላ ግን ጥያቄው እንደገና ቢታይ ነውር የለበትም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ውኃው ለጋራ ጥቅም ከተወሰደ፥ ጥቅሙ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ውኃው ከደጃቸው ለተወሰደባቸው ሰዎች ነው። ሽማግሌው የጠየቁን ምጽዋት አልነበረም፤ የጠየቁን ሒሳብ ነው። ከጣራቸው በላይ ከሚያልፈው ሽቦ አንዲት ክር ወደ ቤታቸው ብትወርድ፥ የውኃውን ድምፅ ባትመልስላቸውም ውኃው ወዴት እንደ ሄደ ታሳያቸዋለች። የጓደኛችንም ወንድም ኩራዙን ቢጥል፥ ፏፏቴው ከከፈለው ዋጋ አንድ ነገር ተገኘ ማለት ይቻላል።

በመጨረሻም ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን አንድ አደራ አለን። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንሰናበታለን። እናንተ ግን ትቀራላችሁ። ጢስ ዓባይን በዓመት ሁለት ጊዜ፥ አንድ ጊዜ በመስከረም፥ አንድ ጊዜ በጥር እንድትጎበኙት እንለምናችኋለን። ከአንድ ቦታ ላይ ቁማችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ውኃው የሸፈነውን የገደሉን ወርድ ገምቱ፤ ቀኑንም ጻፉ። የዘንድሮውን ማስታወሻችንን ከፎቶግራፎቹ ጋር ለቤተ መጻሕፍታችን አስረክበናል። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚህ መዝገብ ውስጥ አሥር የመስከረምና አሥር የጥር ወራት ምስክርነት ይገኛል። ስለ ውኃው የሚመክሩ ሰዎች «ፏፏቴው በፊት እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ፥ መልሱ ከዚህ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ይገኝ።

ከመካከላችን መሐንዲስ፥ ገበሬ፥ አስተማሪና ነጋዴ የሚሆኑ አሉ። ምናልባትም አንድ ቀን እነዚያን ሰባት በሮች ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሰው ከዚህ አዳራሽ ይወጣ ይሆናል። እርሱ ወይም እርሷ በሩን በሚይዙበት ጊዜ በአንድ ወገን በኩራዝ የሚያጠናውን ልጅ፥ በሌላው ወገን ቅል የያዘችውን ልጅ እንዲያስቡ ምኞታችን ነው።